ያለ «መልስ»

ቶርስሃውን ላይ ዝናብ ቁልቁል አይወርድም፣
በጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ አይገታውም።
ሥራው ነገ ጠዋት ሊከፈት ሲቀርብ
እኔና ማርዩን ነን ከሦስተኛው ደርብ።
ቤቱ ድሮ የዓሣ ነው፤ ቀለም ቢቀባበት
ጨው ጨው ይላል ዛሬም፣ ማታ ሲዘጉበት።
የደሴት ጀልባዎች ትኬት መቁረጫውን
እንፈትሻለን፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ ሁሉን።

እኛ ግን አንነካም። የሚነካው ሌላ ነው፦
ፊት የሌለው ብራውዘር፣ ራስ አልባ የምንለው፤
ገጹን ሲከፍት እንኳ ለማንም አያሳይ፣
በጨለማ ውስጥ ነው የሚያነብ፣ የሚያይ።
ስም ይሞላል፣ ሐሰት፤ ቀን ይመርጣል፣ ሐሰት፤
ሺህ ጊዜ ይሳፈራል ሳይነቃነቅ ከቤት።
ትናንት ማታ ብቻ ወደ ሱዱሮይ
ዘጠኝ መቶ ሰው ላከ፤ አንድ ሰው ሄደ ወይ?

ማርዩን ጻፈችለት፦ «ግባ፤ ዝርዝሩን አንብብ፤
የቀሩትን ወንበር ቁጠርና ሰብስብ።»
ላከችው። ሄደላት። እኔ ሻይ ቀዳሁ።
አራት ሰከንድ። መጣ። እጁን አየሁ፦
ባዶ።

ስሕተት ቢል ደግ ነበር፤ ስሕተት ወሬ አያጣም፣
«በዚህ መስመር ወደቅሁ» ሳይል አይመጣም።
ይኼ ግን በሰላም ወጥቶ ተመለሰ፣
ሁሉም አረንጓዴ፤ ምንም አልፈረሰ።
ደገመች። ባዶ ነው።
ገጹን ከፈተችው በሰው ዓይን ልታይ፤
ሰባት ወንበር አለ፣ ቁልጭ ብሎ ከላይ።
አይቷል ማለት ነዋ! ቆጥሯልም። ምን ሆነ?
የቆጠረውን ታዲያ የት አባቱ በተነ?

«ቁርጥ አባቴ!» አለች፤ ሳቅ ይሁን ብስጭት
አልለየሁም፤ ፊቷ ዞሯል ወደ መስኮት።
ትሮንዱር፣ አርባ ዓመት፣ ከባረንትስ ባሕር
ዓሣ ይዞ እንጂ ቃል ይዞ አይመጣም ነበር።
ሦስት ወር ይቆያል፤ በር ከፍቶ ይገባል፣
ቦት ጫማውን ያወልቃል፣ ሬድዮ ይከፍታል።
«እንዴት ነበር?» ስትል እናቷ ከጓዳ
«ነበር» ይላታል፤ የቃል የለበት ዕዳ።
«አንድ ክረምት» አለች፣ «ሰው ወድቆባቸው፣
ከሬድዮው ሰማን፤ እሱም ቁጭ ብሎ አብሮን ሰማው።»
አሁን ትቮሮይሪ ነው፣ ጉልበቱ ከዳው፣
መስኮት ስር ተቀምጦ ዝናብ ነው የሚያየው።

ወንበሬን አስጠጋሁ። ኮዱን ቁልቁል ሳነብ
ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው ሐሳብ፤
ከመጨረሻው መስመር አንዲት ቃል ጎደለ፦
«‹መልስ› አላልሽውም፤ እሱስ ምን በደለ?
ሂድ አልሽው፣ ሄደልሽ፤ ቁጠር አልሽው፣ ቆጠረ፤
ንገረኝ ሳትዪው ያየው እዛው ቀረ።»

ጻፈችው፣ ሦስት ፊደል። ላከችው እንደገና።
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ «ሰባት» አለ መጣና።
ደስ ይላታል ብዬ ቀና ብዬ ሳያት
እጇ ከቁልፉ ላይ ቀርቷል በድንገት።
«በዚህ ሁሉ ዓመት» አለች፣ «እናቴም እኔም
‹እንዴት ነበር?› እንጂ ሌላ ብለን አናውቅም።
እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ኮድ ቢሆን፣ አይሠራም።»

ጠዋት ሲከፈት፣ ከሐሰቶቹ ሁሉ ቀጥሎ፣
የመጀመሪያው የውነት ስም ገባ ተከፍሎ፦
ማርዩን፤ ወደ ትቮሮይሪ፤ አንድ ሰው፤ ደርሶ መልስ።
ስልኳ አልሠራም ከዚያ፣ ሰኞ እስኪደርስ።

ሰኞ ገባች። ጃኬቷን ሰቀለች፣
ቦት ጫማዋን አወለቀች፣
ማሽኑን አስነሥታ ከፊቱ ተቀመጠች።
«እንዴት ነበር?» አልኳት፣ አፌ አመለጠኝና።
ዝናቡ በጎን መጣ፣ መስኮቱን መታና።
«ነበር» አለች።

አራት ሰከንድ ቆጠርኩ።

«እጁን ይዞት ነበር» አለች። «ጓንቱ ብቻ ቀረ።»